በሮማኒያ በኩል ወደ ቋሚ አገር

ግንቦት 5 ቀን 1997 ዓ.ም. በምሥራቅ ኡዝቤኪስታን፣ አንዲጃን ከተማ አደባባይ ላይ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ወታደሮች ተኮሱ። የነገሩ መነሻ በአክራሪነት የተከሰሱ 23 ነጋዴዎች ችሎት ሲሆን፣ ታጣቂዎች በዋዜማው ሌሊት ወህኒ ቤቱን ሰብረው እስረኞችን አስወጥተው ነበር። መንግሥት የሟቾቹ ቁጥር 187 ነው አለ፤ የመብት ተሟጋቾች ብዙ መቶዎች ይላሉ። ከ500 የሚበልጡ ሰዎች ሌሊቱን በእግራቸው ተጉዘው ኪርጊዝስታን ገቡ።

እዚያም እፎይ የሚያሰኝ ነገር አልጠበቃቸውም። ኪርጊዝስታን የስደተኞችን ስምምነት የፈረመች አገር ናት፤ ስምምነቱም ሰውን ወደሚያሳድደው መንግሥት መመለስን ይከለክላል። ነገር ግን በወቅቱ ጋዝ የምትገዛው ከኡዝቤኪስታን ነበር፤ የጎረቤቷም ክንድ ይከብዳት ነበር። ሰኔ በገባ በሁለተኛው ቀን አራት ሰዎች ለኡዝቤኪስታን ተላልፈው ተሰጡ።

አገሩ መመለስ ለማይችል፣ በተጠለለበትም መቆየት ለማይችል ስደተኛ የሚቀረው በሦስተኛ አገር መስፈር ነው። ይህ መብት አይደለም፤ ስንት ሰው፣ ማንን እንደሚቀበል የሚወስነው ተቀባዩ አገር ነው። ቃለ መጠይቁ፣ የጤናና የደኅንነት ምርመራው ወራት ይፈጃል። አደጋው ግን ወራት አይጠብቅም።

ሮማኒያ የገባችው በዚህ መሐል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 439 ሰዎች ከኪርጊዝስታን ዋና ከተማ ከቢሽኬክ በአንድ አውሮፕላን ተነሥተው ቲሚሾዋራ አረፉ። ከተማዋ እንግዶቿን ለመረዳት የምትቸገር አልነበረችም፤ በ1989 እ.ኤ.አ. በሮማኒያው አምባገነን መሪ በቻውሼስኩ ላይ የተነሣው አመፅ የተጀመረው፣ ሕዝብም የተተኮሰበት እዚያው ነው። 

ሮማኒያ የሰጠችው ጊዜያዊ ማረፊያ ነበር። ቋሚውን ቦታ የሰጡት እንደ ጀርመን፣ ስዊድን፣ ኔዘርላንድስና ቼክ ሪፐብሊክ ያሉ የአውሮፓ አገሮች፣ ከባሕር ማዶም አሜሪካ፣ ካናዳና አውስትራሊያ ናቸው። ብዙ ቼኮች ራሳቸው ኮሚኒስቶች ሥልጣን በያዙበት በ1948 እና የሶቪየት ጦር በወረራቸው በ1968 እ.ኤ.አ. ስደተኞች ሆነው በየአገሩ የተበተኑ ናቸውና፣ የእነሱ መቀበል የተለየ ትርጉም አለው። ቋሚ ሰፈራ ማለት የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ፣ ለልጆች ትምህርት ቤት፣ ቋንቋ መማሪያ፣ ውሎ አድሮም የዜግነት በር ነው። ናፍቆትን ግን አያስቀርም፤ አሜሪካ ከሰፈሩት መካከል በዓመቱ ወደ ኡዝቤኪስታን የተመለሱ ነበሩ።

ከጉዞው የቀረ ትምህርት ግን ነበር። በ2000 ዓ.ም. ሮማኒያ ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ጋር ተዋዋለች፤ ከዚያም 200 ሰው የሚይዝ የድንገተኛ ጊዜ መሸጋገሪያ ጣቢያ እዚያው ቲሚሾዋራ ከፈተች።

ሐምሌ 22 ቀን ከአውሮፕላኑ ከቀሩት መካከል ግን በኪርጊዝስታን ኦሽ ከተማ የታሰሩ ሌሎች አራት ሰዎች ነበሩ። ኮሚሽኑ ስደተኞች መሆናቸውን አረጋግጦላቸው ነበር። ነሐሴ 3 ቀን 1998 ዓ.ም. ኪርጊዝስታን ለኡዝቤኪስታን አስረከበቻቸው።