የግሪክ ቅርስ በግእዝ ሥነ ጽሑፍ፦ የተወሰደውና የተለወጠው

በደንቢያ፣ በቆላ ድባ አካባቢ በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል የሚቆጥር ልጅ የግሪክን ፊደላት ሳያውቃቸው ይጽፋቸዋል። ፩ የሚለው አኃዝ ከአልፋ፣ ፪ ከቤታ፣ ፫ ከጋማ፣ ፻ ከሮ የመጣ ነውና። ወንጌል፣ ጳጳስ፣ ዲያቆን የሚሉት ቃላትም ምንጫቸው ግሪክኛ ነው። ልጁ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ሻይ ቤት ቢገባ፣ ብርጭቆውን የሚያኖርበት ጠረጴዛ እንኳ ስሙን ያገኘው ከዚያው ቋንቋ ነው።

ይህን መሰል ማስረጃ ሲቀርብ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንደኛው፣ «የግእዝ ሥነ ጽሑፍ አብዛኛው ትርጉም ስለ ሆነ የራሱ የሆነ ነገር የለውም» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከውጭ የተወሰደ ነገር መኖሩን ጨርሶ የሚክድ ነው። ሁለቱም ጥያቄውን ሳይመረምሩ ይዘጉታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመካከል ያለውን መንገድ ማመልከት ነው፤ ይኸውም ምን ተወሰደ ከማለት አልፎ፣ የተወሰደው እንዴት ተለወጠ ብሎ መጠየቅ ነው።

ከአኃዙ እንጀምር። ግሪኮች ለ200፣ ለ300 እያሉ እስከ 900 ድረስ ለየመቶው የተለየ ፊደል ነበራቸው። የግእዝ ጸሐፍት ግን ከ፻ በላይ ያሉትን ፊደላት አልወሰዱም፤ ፪፻፣ ፫፻ እያሉ በማባዛት ጻፉ። የግሪኩን ፊደል ለአኃዝነት የሚለየው ከላዩ የሚሰመር መስመር ሲሆን የግእዙ አኃዝ ከላይም ከታችም ተሰመረበት። የተወሰደው ነገር ገና በፊደል ደረጃ ሳለ በሌላ ሥርዓት ገባ ማለት ነው።

ግሪክኛ ወደ ሀገራችን በመጀመሪያ የገባው በቀይ ባሕር ንግድ ነው። በ1ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መምሪያ ዞስካሌስ የተባለው የአካባቢው ንጉሥ የግሪክን ጽሕፈት ያውቅ እንደ ነበር ይመሰክራል። የአክሱም የወርቅ ገንዘብ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የግሪክ ጽሑፍ ነበረበት። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዒዛና ድሉን በግሪክኛ፣ በግእዝና በሳባ ፊደል በድንጋይ አስቀረጸ። በግሪኩ ጽሑፍ ንጉሡ «የአሬስ ልጅ» ሲባል፣ በግእዙ «የማሕረም ልጅ» ተብሏል። ተርጓሚው የግሪኮችን የጦርነት አምላክ ስም ወደ ግእዙ አላሻገረም፤ በየቋንቋው አንባቢው የሚያውቀውን አምላክ ጠራ። መተርጐም መመረጥን እንደሚጠይቅ የሚያሳይ ጥንታዊ ምስክር ይህ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስና ፊሳልጎስ ወደ ግእዝ የተመለሱትም በዚሁ በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ነው። ፊሳልጎስ የእንስሳትን ጠባይ እየተረከ ወደ ሃይማኖታዊ ምሥጢር ያሻግራል፤ አንበሳ ዱካውን በጅራቱ እንደሚያጠፋ ነግሮ ከዚያ ትምህርት ያወጣል። በጎንደር ቅኔ ቤት የተማረ ሰው በዚህ አሠራር አይደናገርም፤ አውሬው ሰሙ፣ ትምህርቱ ወርቁ ሆኖ ይታየዋል። ይህን ስል ቅኔ ከፊሳልጎስ ተወለደ ማለቴ አይደለም። ሆኖም መጽሐፉ ባይተዋር ሆኖ እንዳልቀረ መገመት ይቻላል።

ሁለተኛው በር ዐረብኛ ነበር። ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ በ9ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ ያሰባሰበው የፈላስፎች አባባል፣ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአባ ሚካኤል እጅ መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን ሆነ። በዚህ መጽሐፍ ሶቅራጥስና አፍላጦን የአቴና አደባባይ ተከራካሪዎች መሆናቸው ቀርቶ እንደ ገዳም አባቶች ይመክራሉ። በዜና እስክንድርም የመቄዶንያው ድል አድራጊ የሚጸልይና ንጽሕናን የሚወድ ክርስቲያን ንጉሥ ሆኗል።

ከሁሉም ይልቅ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሚጠቅመው የስክንድስ ታሪክ ነው። ስክንድስ ከረጅም ጊዜ ትምህርት ተመልሶ፣ ማንነቱን ሸሽጎ እናቱን ይፈትናል፤ እናቱ ልጇ መሆኑን ባወቀች ጊዜ ራሷን ታጠፋለች። እርሱም ሞት ያመጣው አንደበቱ ነውና ዳግመኛ ላይናገር ይምላል፤ ለንጉሡ ጥያቄ እንኳ የሚመልሰው በጽሑፍ ነው። ይህን ከሶፎክልስ ኤዲጶስ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ኤዲጶስ እውነቱን ባወቀ ጊዜ ዓይኑን አጠፋ፤ ስክንድስ ምላሱን አሰረ። በግእዙ ቅጂ ደግሞ የጥያቄና መልሱ ክፍል ከግሪኩ እጅግ የበዛ ነው። የተጨመረውን ለይቶ የሚያጠና ሰው ከግሪኩ የተለየ አሳብ ያገኛል። ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እነዚህን መጻሕፍት ሲያጠኑ ያጎሉት ነጥብም ይኸው ነው፤ ኢትዮጵያውያን ሲተረጕሙ ያሻሽላሉ፣ ይቀንሳሉ፣ ይጨምራሉ።

እንግዲህ የክፍላችን ተማሪዎች ስለ ትራጄዲ ሲማሩ ከአርስቶትል ሥነ ግጥም መጀመራቸው ነውር የለበትም። ጉዳቱ ስክንድስን ሳያነቡ መመረቃቸው ነው። ግእዝና ግሪክኛን፣ ወይም ግእዝና ዐረብኛን አስተያይቶ የሚያነብ ሰው ከመካከላችን ካልወጣ፣ የትኛው የእኛ፣ የትኛው የሌላ እንደ ሆነ የሚነግሩን ሁልጊዜ ሌሎች ይሆናሉ። እኛም ወይ ስንኩራራ፣ ወይ ስናፍር እንኖራለን እንጂ አናውቅም። ሥራው መጀመር ያለበት ከአንድ መጽሐፍ፣ ከአንድ ገጽ፣ ተርጓሚው ከለወጣት ከአንዲት ቃል ነው።