የኮምፒውተር ማራገቢያ በደጋ አየር

የኮምፒውተር ማራገቢያ፣ በጥገና ቤቶች «ፋን» የሚባለው፣ ቅዝቃዜ የሚያመርት መሣሪያ አይደለም፤ ሥራው ፕሮሰሰሩና ሌሎቹ አካላት የሚያፈልቁትን ሙቀት በአየር አሸክሞ ከሳጥኑ ማስወጣት በመሆኑ፣ ምንም ያህል ቢፈጥን አንዱንም አካል ከቤቱ አየር ይበልጥ ሊያቀዘቅዘው አይችልም። ስለዚህ የማራገቢያው ውጤት ከራሱ ጥራት ባልተናነሰ በሚስበው አየር ጠባይ ይወሰናል፤ በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ መካከል በምትገኘው ግንደወይን ደግሞ ይህ አየር ቀዝቃዛ፣ ስስና በበጋ አቧራ የበዛበት ነው።

ኮምፒውተር የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስሌቱን የሚያከናውነው ፕሮሰሰር ሙቀቱን የሚያፈልቀው እጅግ ጠባብ በሆነ ገጽ ላይ ስለሆነ፣ አየር በቀጥታ ቢነፍስበት አይበቃውም፤ ሙቀቱ አስቀድሞ በሰፊ ገጽ ላይ መዘርጋት አለበት። ለዚህ የሚያገለግለው ሂትሲንክ፣ ማለትም ከአሉሚኒየም ወይም ከመዳብ የተሠራና ስስ ቅጠሎች የተደረደሩበት ብረት ነው። በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስት በዓይን የማይታዩትን ክፍተቶች ይሞላል፤ መዳብ ሙቀትን ከአየር ከ10,000 ጊዜ በላይ አሻሽሎ ስለሚያስተላልፍ፣ በመካከል የቀረች ጥቂት አየር እንኳ መንገዱን ትዘጋለች። ማራገቢያው በበኩሉ ቅጠሎቹን የከበበውን የሞቀ አየር እየገፈፈ በአዲስ ይተካል። ይህ ሲጓደል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ከዚያም አልፎ ከጨመረ ደግሞ ብዙዎቹ ማሽኖች ራሳቸውን ያጠፋሉ።

የከፍታው ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ይዘት ባይቀንስም የዚያ አየር ክብደት ይቀንሳል፤ ሙቀትን የሚሸከመው ደግሞ ክብደቱ ነው። ለምሳሌ 100 ዋት ሙቀት የሚያፈልቅ ኮምፒውተር አየሩን በ10 ዲግሪ ብቻ አሙቆ እንዲያስወጣ ቢፈለግ፣ በባሕር ጠረፍ በሰከንድ 8 ሊትር ገደማ አየር ሲበቃው በዚህ ከፍታ 11 ሊትር ይጠይቃል፤ ፍጥነቱን እንደ ሙቀቱ የሚቆጣጠር ማራገቢያ በደጋ ይበልጥ የሚጮኸውም በዚሁ ምክንያት ነው። የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለኮምፒውተር ማዕከላት ባወጣው መመሪያ ከ900 ሜትር በላይ ለያንዳንዱ 300 ሜትር የሚፈቀደው ከፍተኛ የአየር ሙቀት በ1 ዲግሪ እንዲቀነስ የሚያዘው ይህን አስቦ ነው፤ በ2,500 ሜትር ቅናሹ 5 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ሆኖም ደጋው የወሰደውን በሌላ መንገድ ይመልሳል፤ በጋምቤላ ወይም በሰመራ አየሩ ከ35 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ሰዓት የደጋው አየር ከዚያ ከ10 ዲግሪ በላይ ሊቀዘቅዝ ስለሚችል፣ የስስነቱ ጉዳት በአብዛኛው ይካካሳል። በዚህ አካባቢ ለአንድ የቢሮ ወይም የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ተብሎ የአየር ማቀዝቀዣ መግዛት አላስፈላጊ ወጪ ነው።

እውነተኛው ጠላት አቧራ ነው። ከኅዳር ጀምሮ መንገዱ ሲደርቅና ጤፍ ሲወቃ፣ ትቢያውና ደቃቁ እብቅ በመስኮት እየገባ በሂትሲንኩ ቅጠሎች መካከል ይጋገራል፤ ማራገቢያው እየዞረም አየር አያልፍም። በዴስክቶፕ ሳጥን ውስጥ ከፊት የሚያስገቡት ማራገቢያዎች ከኋላ ከሚያስወጡት ጥቂት ቢበረቱ፣ አየር በየቀዳዳው ከመሳብ ይልቅ በየቀዳዳው ይወጣል፣ የሚገባውም በማጣሪያው በኩል ብቻ ይሆናል። ላፕቶፕ ግን ይህ ዕድል የለውም፤ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ስቦ በጎኑ ወይም በኋላው ስለሚያስወጣ፣ በአልጋ ልብስ ላይ ሲቀመጥ የመሳቢያ ቀዳዳው ይደፈናል።

ጽዳቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢሆን፣ በተለይም ከውቂያው በኋላ፣ ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ በለስላሳ ብሩሽና በአየር መንፊያ ይከናወናል። በዚህ ጊዜ የማራገቢያው ክንፍ በጣት መያዝ አለበት፤ በተነፋው አየር ከልኩ በላይ እንዲሽከረከር ከተተወ መዞሪያው ሊጎዳ፣ ሞተሩም እንደ ጄኔሬተር ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ዋናውን ሰሌዳ ሊያበላሽ ይችላል።