«ትንፋሽ» እና የስፖርት ሳይንስ ስያሜዎች

የአራዳ አማርኛ ለስፖርት ቃል ተቸግሮ አያውቅም። የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. በዚሁ ሰፈር ከተመሠረተ ወዲህ ተጫዋቹም ተመልካቹም ከውጭ የመጣውን ቃል አንዳንዱን እንዳለ ወስዶ፣ አንዳንዱን በራሱ ቃል ተክቶ ኖሯል። «ጎል» እና «ግብ»፣ «ኮርነር» እና «የማዕዘን ምት»፣ «በረኛ» እና «ግብ ጠባቂ» እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ ማንም ተሳስቶባቸው አያውቅም። ይሁን እንጂ የጨዋታን ደንብ መሰየም አንድ ነገር ሲሆን፣ የሚሮጥ ሰው በሰውነቱ ውስጥ የሚካሄደውን ነገር መሰየም ፈጽሞ ሌላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን ሁለተኛውን ነው።

በፒያሳ ካፌዎችም ሆነ በጃንሜዳ ዳር፣ ረጅም ርቀት ሳይዝል የሚሮጥን ሰው ሕዝቡ «ትንፋሽ አለው» ይለዋል፤ ቀድሞ የደከመውን ደግሞ «ትንፋሽ አጠረው» ይላል። አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ከፈጸመ በኋላ በሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ የተመለከተ ሁሉ ሌላ ቃል አላስፈለገውም። ቃሉ ውብና ግልጽ ነው። ተርጓሚው ግን የአካል ብቃት መጽሐፍ ይዞ ሲቀመጥ ይኸው ቃል ያሳስተዋል፤ ሕዝቡ «ትንፋሽ» የሚለው ነገር በላቦራቶሪ ሲለካ አንድ ሳይሆን ቢያንስ ሦስት ሆኖ ይገኛልና። ይህንኑ ሦስትነት የአሜሪካው ተመራማሪ ማይክል ጆይነር እ.ኤ.አ. በ1991 የማራቶንን የመጨረሻ ወሰን ለማስላት ተጠቅሞበታል፤ ያገኘውም ውጤት 1 ሰዓት ከ57 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ ነበር።

የመጀመሪያው፣ ሰውነት በከፍተኛ ጥረት ላይ ሳለ በአንድ ደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው የኦክስጅን መጠን ነው። እንግሊዛዊው አርችባልድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሣር ሜዳ ላይ ራሱም እየሮጠ ያጠናው ይህንን ነው። የሚለካው በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት በደቂቃ በሚገባ ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ ላልሠለጠነ ወጣት ወንድ ከ40 እስከ 45 አካባቢ፣ ለታላላቅ የረጅም ርቀት ሯጮች ደግሞ ከ70 በላይ ይሆናል። ለዚህ «ከፍተኛ የትንፋሽ አቅም» የሚል ትርጉም ቢሰጥ አንባቢውን ወደ ሳንባ ይመራዋል። በጤናማ ሰው ዘንድ ግን መጠኑን በአመዛኙ የሚወስነው ሳንባ አይደለም፤ ልብ በደቂቃ የሚረጨው የደም መጠንና ደሙ የሚሸከመው ኦክስጅን ነው። አሠልጣኙ በስያሜው ተመርቶ የትንፋሽ መሳብ ልምምድ ብቻ ቢያዝዝ ጥፋቱ የአሠልጣኙ ብቻ አይሆንም።

«የኦክስጅን ቅበላ» የሚል አማራጭ የሚያቀርቡም አይጠፉም። ከሰዋስው አንጻር እንከን የለበትም፤ «ተቀበለ» ከሚለው ግስ የወጣ ነውና። ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪ «ቅበላ» ሲባል የሚታየው የጾም ዋዜማ ነው፤ ሥጋና ቅቤ የሚሰናበቱበት ቀን በላቦራቶሪ ሰንጠረዥ ውስጥ ሲገባ የተማሪው ሳቅ ትምህርቱን ይወስደዋል። ስለዚህ «ከፍተኛ የኦክስጅን ፍጆታ» የሚለውን እንመርጣለን። «ፍጆታ» የሚያልቅን ነገር ስለሚያመለክት፣ ጡንቻ ኦክስጅኑን ተቀብሎ ብቻ እንደማያስቀምጥም ይናገራል።

ሁለተኛው፣ ሯጩ ከዚህ ከፍተኛ መጠን ውስጥ ምን ያህሉን ለረጅም ጊዜ ሊዘልቅበት እንደሚችል የሚያሳየው ነጥብ ነው። ፍጥነቱ ከዚህ ነጥብ ሲያልፍ በደም ውስጥ ያለው ላክቴት መከማቸት ይጀምራል። ለዚህ «ወሰን»፣ «መነሻ» እና «ጣሪያ» የሚሉት ቃላት እየተቀያየሩ ሲሠራባቸው ይታያል። ሦስቱም አያረኩም፤ በተለይ «ጣሪያ» ከላይ ማለፊያ የሌለው ያስመስለዋል፤ ሯጩ ግን ያልፈዋል፤ ካለፈ በኋላ ብዙ አይቆይም እንጂ። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ እሱም «ደፍ» ነው። የበር ደፍ እንቅፋት ሳይሆን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው የሚሻገሩበት ነው። «የላክቴት ደፍ» ቢባል አጭርም ትክክልም ይሆናል።

ሦስተኛው፣ በተወሰነ ፍጥነት ለመሮጥ የሚያስፈልገው የኦክስጅን መጠን ነው። ሁለት ሯጮች እኩል ከፍተኛ ፍጆታ ኖሯቸው በአንድ ፍጥነት ሲሮጡ አንደኛው ያነሰ ኦክስጅን ቢያወጣ፣ በረጅም ርቀት የሚቀድመው እሱ ነው። የውጭውን ቃል እንዳለ ወስዶ «የሩጫ ኢኮኖሚ» ማለት በአዲስ አበባ አይቻልም፤ አንባቢው የአትሌቶችን ሆቴልና ሕንፃ ያስባል። «ቁጠባ»ም ከባንክ ደጃፍ አይርቅም። «ቁጥብነት» ግን የገንዘብ ሳይሆን የጠባይ ቃል ስለሆነ፣ ከሚገባው በላይ የማያባክን ሰውነትን በደንብ ይገልጻል። ለምሳሌ በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር የሩጫው የኦክስጅን ፍጆታ በ1 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ጥናቶች አሳይተዋል። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሲሮጥ ይህ ጭነት አልነበረበትም። በእርግጥ የጫማ ልስላሴ በበኩሉ ጥቂት ፍጆታ ስለሚያስቀር፣ ከዚህ ተነሥቶ ባዶ እግር ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይቻልም፤ የሩጫ ቁጥብነት ግን ከሳንባ ውጭ በሆኑ ነገሮችም እንደሚወሰን ያስረዳል።

እንግዲህ «ትንፋሽ» ይጣል አንልም። ለሦስቱም ጥላ ሆኖ በሕዝብ አነጋገር ይኑር፤ በመዝገበ ቃላቱም ይኸው ፍቺ ይሰጠው። ለአንዱ መለኪያ ብቻ ቋሚ ስያሜ ማድረጉን ነው የምንቃወመው።

ከዚህ የባሰው ችግር «የኦክስጅን እጥረት» በሚለው ሐረግ ላይ ይታያል። አራዳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ማሞ ወልዴ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ማራቶን ካሸነፈባት ከሜክሲኮ ከተማም ጥቂት ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከአየሩ ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ በሁለቱም ቦታ 21 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ የቀነሰው ግፊቱ እንጂ ድርሻው አይደለም። ተርጓሚዎች ይህንንም፣ በደም ውስጥ የሚታየውን ማነስም፣ በሕዋሳት ላይ የሚደርሰውንም በአንድነት «እጥረት» ይሉታል።

ይህ አጠራር ምን እንደሚያስከትል ከአገራችን የተገኘ አንድ ጥናት ያሳየናል። ሲንቲያ ቤል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቻቸው ጋር በስሜን ተራሮች አምባራስ፣ በ3530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። የሄሞግሎቢን መጠናቸው በአማካይ በዴሲ ሊትር ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም ሲሆን፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ ነበር። ሁለቱም በባሕር ወለል አቅራቢያ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙ የራቁ አልነበሩም። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ብሎ፣ የቲቤቶቹ ደግሞ ሙሌታቸው ዝቅ ብሎ ይታወቁ ስለነበር፣ ይህ ሦስተኛ ዓይነት መላመድ ሆኖ ተመዘገበ።

አሁን ይህን ግኝት በተለመደው ቃል ብንተረጉመው «በኦክስጅን እጥረት ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች የኦክስጅን እጥረት የለባቸውም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይወጣል። ስለ እኛው ሰዎች የተጻፈ ጥናት በእኛው ቋንቋ ራሱን የሚያፈርስ ይሆናል ማለት ነው። ውጭ ያለውን «የአየር ኦክስጅን መሳሳት»፣ በደም ውስጥ ያለውን «የደም ኦክስጅን ማነስ»፣ «እጥረት»ን ደግሞ ለሕዋሳቱ ብቻ ብንለይ ዓረፍተ ነገሩ ይስተካከላል፤ በአምባራስ አየሩ ሳስቷል፣ ደሙ ግን ብዙም አላነሰበትም።

«ጉልበት»ም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። «የጉልበት ማጠናከሪያ ልምምድ» የሚለው ርእስ የእግርን መጋጠሚያ ይሁን የመላ ሰውነትን ብርታት ማን ይለየዋል? «የፈረስ ጉልበት» እና «የኤሌክትሪክ ኃይል» ሁለቱም በዋት የሚለካውን ነገር ይገልጻሉ፤ ቃላቸው ግን ተለያይቷል። በእኛ አስተያየት በስፖርት ሳይንስ «ጉልበት» ለመጋጠሚያው ይቅር፤ በዋት የሚለካው «ኃይል»፣ በኒውተን የሚለካው «የጡንቻ ጥንካሬ» ይባል። የተሰማን ድካምና ጡንቻው የሚያሳየውን መድከምም በ«ድካም» እና በ«ዝለት» መለየት አያዳግትም። ስለ «ልምምድ» እና «ሥልጠና» ብዙ መከራከር አያሻም፤ የከተማው ሰው «ስፖርት መሥራት» ብሎ ሁለቱንም ጨርሶታል።

በመጨረሻ አንድ አስቸጋሪ ስያሜ ይቀራል። ሂል፣ ሯጭ ከቆመ በኋላም የሚያለከልክበትን ምክንያት «የኦክስጅን ዕዳ» ብሎ ሰይሞት ነበር። ሐረጉ ለአማርኛ እጅግ ይመቻል፤ ተበድሮ የሮጠ ቆሞ ይከፍላል። ነገር ግን ጌሰርና ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳስረዱት፣ ከሩጫ በኋላ የሚወሰደው ትርፍ ኦክስጅን ቀደም ሲል ከጎደለው ጋር አይመጣጠንም፤ የሰውነት ሙቀትና ሆርሞኖችም ያሳድጉታል። ስለዚህ «ዕዳ»ን በመዝገበ ቃላቱ የቀድሞ ስያሜ የሚል ምልክት አድርገንበት፣ በሥራ ላይ የሚውለው «ድኅረ እንቅስቃሴ ትርፍ ፍጆታ» እንዲሆን ሐሳብ እናቀርባለን። ረጅም ነው፤ አሠልጣኞች በሜዳ ላይ «ትርፍ ፍጆታ» ብለው ቢያሳጥሩት ተቃውሞ የለንም።