ውሃ የማይነካው ብረት

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2003 የፈረንሳይ ባለሥልጣናት «አዳማንዳስ» የተባለችን የጭነት መርከብ ሬዩኒዮን ደሴት አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ በፈንጂ አሰጠሟት። ከትሪኒዳድ ወደ ኢንዶኔዥያ ታደርስ የነበረው 21 ሺህ ቶን ያህል ጭነት በራሱ ጊዜ እየጋለ ሄዶ የሚያቆመው ጠፍቶ ነበር። ጭነቱ ብረት ነው።

ስፖንጅ ብረት ይሉታል። የብረት ማዕድን ሳይቀልጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በተፈጥሮ ጋዝ፣ ኦክስጅኑን ሲነጠቅ የሚገኝ ነው። ኦክስጅኑ የወጣበት ቦታ ክፍት ስለሚቀር የእያንዳንዱ የብረት ድብልብል ውስጥ ዓይኑ እንደበዛ እንጀራ ነው። አየርና እርጥበት በእነዚያ ቀዳዳዎች ይገባሉ፤ ብረቱም የተነጠቀውን ኦክስጅን መልሶ ይወስዳል፣ ማለትም ይዝጋል። ዝገት ሙቀት ያወጣል። በተከመረ ብረት መሃል ያ ሙቀት መውጫ ስለሌለው ዝገቱን ያፋጥነዋል፣ ዝገቱም ሙቀቱን። ውሃ፣ በተለይ የባሕር ውሃ፣ ሲነካው ደግሞ ሃይድሮጅን ይለቀቃል። ይህ ጋዝ ከአየሩ 4 በመቶ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው አለማከማቸት ነው፤ ብዙ ፋብሪካዎች ብረቱን ገና ትኩስ ሳለ ወደ ኤሌክትሪክ እቶን ያስገቡታል። የሚቆይ ከሆነ ቀዝቅዞ ናይትሮጅን በተሞላ ጎተራ ይቀመጣል። ክምር ቢግል ውሃ አይረጭበትም። ሎደር ገብቶ በስሱ እየዘረጋ ያበርደዋል።

በባሕር ላይ ሕጉ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አስገዳጅ የሆነው ዓለም አቀፍ የጅምላ ጭነት ደንብ እንደሚለው፣ ድብልብሉ ሲጫን ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መጋል የለበትም። በጉዞው ሁሉ የጭነት ክፍሉ ኦክስጅን ከ5 በመቶ፣ ሃይድሮጅኑም ከ1 በመቶ በታች ሊሆን ይገባል። ኦክስጅን ያለቀበት ክፍል መርከበኛንም ይገድላል፤ ሳይለካ የሚገባ ሰው ሊኖር አይገባም።

ጥሩ መፍትሔ የሆነው ብሪኬት ነው። ብረቱ ከ650 ዲግሪ በላይ ሳለ ተጨምቆ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ አንድ ሜትር ኩብ ከ5,000 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ብሪኬቱ ግን በተጣለና በተገለበጠ ቁጥር ይሸራረፋል፣ ፍርፋሪውም ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 2004 ከቬኔዝዌላ ወደ ቻይና ይህንኑ ድቃቂ የጫነችው «ይታን» ኮሎምቢያ አቅራቢያ ፈነዳች። ካፒቴኑና አምስት መርከበኞች ሞቱ።

ደንቡ ዛሬ ድቃቂውን ራሱን የቻለ ምድብ ሰጥቶታል፤ እርጥበቱም ከ0.3 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ግቢ ውስጥ ዝናብ ሲመታው የከረመ ድቃቂ ይህን ማሟላት አይችልም። በቅርቡ እርጥበቱ ቢያንስ 2 በመቶ ለሆነው ድቃቂ ሌላ ምድብ የወጣው ለዚህ ነው።