ስለ መንገድ መሪ መሣሪያ አመራረጥ፤ በገጠር መንገድ ለሚሄዱ አውቶሞቢሎች

እርሻ የሚለማው በዘርና በበሬ ብቻ አይደለም። ዘሩንና ማዳበሪያውን፣ የከብቱንም መድኃኒት በጊዜው ከስፍራው የሚያደርስ መንገድና መንገዱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። መንገዱን የሚያውቅ ነጂ የታመመ ወይም ወደ ሌላ ወረዳ የተዛወረ እንደ ኾነ ግን ዕውቀቱ ዐብሮት ይሄዳል። ስለዚህ በዛሬው ዘመን ብዙ መሥሪያ ቤቶችና ባለ እርሻዎች ጂ.ፒ.ኤስ. የተባለውን፣ ከሰማይ በሚመጣ ምልክት ስፍራን የሚያመለክተውን መሣሪያ ለአውቶሞቢሎቻቸው ይገዛሉ። ነገሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን መሣሪያው በጥንቃቄ ካልተመረጠ ጥቅሙ ቀርቶ ጉዳት ያመጣል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የእንስሳት ሐኪም የበግና የፍየል ደስታ መከላከያ ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዞ ወደ ሩቅ ቀበሌ ተላከ እንበል። ገበሬው በጎቹንና ፍየሎቹን ሰብስቦ ከማለዳ ዠምሮ ይጠብቀዋል። ነጂው በመሣሪያው ተመርቶ ወደ ሌላ ሸለቆ ቢገባና ስሕተቱን ዐውቆ እስኪመለስ ቢመሽ በረዶው ይቀልጣል፤ መድኃኒቱም ቅዝቃዜው ሲጠፋ ኃይሉን ያጣል። ገበሬው መንጋውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በሌላ ቀን ውጣ ቢሉትም እንደ ፊተኛው በፈቃዱ አይወጣም። እንግዲህ በመሣሪያው ግዥ ላይ የሚፈርም ሹም የሚፈርመው በአንድ ትንሽ ዕቃ ላይ ብቻ እንዳይደለ ይወቅ።

መልካሙን ከክፉው ለመለየት አስቀድሞ የመሣሪያውን አሠራር ማወቅ ይገባል። የአሜሪካ መንግሥት ለጦር ሠራዊቱ ሲል የመዠመሪያውን የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. ወደ ሰማይ አወጣ፤ ሥራውም በ1995 ዓ.ም. ተፈጸመ። ሳተላይቶቹ ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ፤ እያንዳንዱም እጅግ ትክክለኛ የኾነ ሰዓት ይዟል። መሣሪያው ምልክቱ ከሳተላይቱ ተነሥቶ እስኪደርሰው ድረስ ያለፈውን ጊዜ ቈጥሮ ርቀቱን ያሰላል፤ ከአራት ሳተላይቶች ምልክት ሲያገኝም ያለበትን ስፍራ ያውቃል። ምልክቱ በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ከሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት በምድር ላይ የ300 ሜትር ስሕተት ይኾናል።

ቀድሞ ለሕዝብ የሚሰጠው ምልክት ኾን ተብሎ የተዛባ ነበር፤ ይህም በ2000 ዓ.ም. ቀረ። ዛሬ በገላጣ ሜዳ ላይ መካከለኛ መሣሪያ እንኳ በጥቂት ሜትር ልዩነት ስፍራን ያመለክታል። ከአሜሪካው ሌላ የሩሲያ ግሎናስ፣ የአውሮፓ ጋሊሌዎ፣ የቻይናም ቤይዱ አሉ። በገደል መካከል ሰማዩ ጠባብ ኾኖ ስለሚታይ፣ ምልክቱም ከገደሉ ዐለት እየተመለሰ ስለሚያሳስት፣ እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ቈላ ለሚመላለስ አውቶሞቢል ከአንድ መንግሥት ሳተላይቶች ይልቅ የብዙዎቹን ምልክት የሚቀበል መሣሪያ ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይለየው ነገር አለ። መሣሪያው ኹለት ጥያቄ ይመልሳል። አንደኛው «የት ነህ?» የሚለው ነው፤ ይህን ሰማዩ ይመልስለታል፤ ብዙም አይሳሳትም። ኹለተኛው «በየት ልሂድ?» የሚለው ነው፤ ይህን ግን የሚመልሰው በውስጡ የተጻፈው ካርታ ነው። ካርታውንም የሠራው ሰው ነው፤ ሰውም ይሳሳታል። በ2012 ዓ.ም. በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ፖሊስ ለነጂዎች ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በስልክ ላይ ያለ አንድ ካርታ ሚልዱራ የምትባለውን ከተማ 70 ኪሎ ሜትር ያህል አርቆ ውሃ በሌለበት ምድረ በዳ መካከል አሳይቶ ነበርና። በ2009 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ግድም በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ የሞት ሸለቆ በሚባለው በረሃ፣ በመሣሪያው ተመርታ የሄደች አንዲት እናት አውቶሞቢሏ በአሸዋ ተያዘ፤ እርዳታ እስኪደርስ እርሷ ስትተርፍ ትንሽ ልጇ ሞተ። የሰማዩ ምልክት በኹለቱም ስፍራ አልጐደለም፤ የጐደለው የካርታው ዕውቀት ነው።

ስለዚህ በአመራረጥ ፊተኛው ነገር ካርታው ነው። የተመረጠው መሣሪያ ካርታውን በራሱ ውስጥ የሚያኖር ይኹን። ብዙ ሰው መሣሪያው የስልክ መስመር በሌለበት ስፍራ አይሠራም ይላል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። የሳተላይቱ ምልክት የስልክ መስመር አይሻም፤ መስመር የሚሻው ካርታውን በየጊዜው ከሩቅ የሚያስመጣ ስልክ ነው። ካርታው አስቀድሞ በከተማ ከተጫነ የእጅ ስልክም በገጠር ያገለግላል። ደግሞም ካርታው ምን ያህል ጊዜ እንደሚታደስ፣ ለማደሱም ገንዘብ ይከፈል እንደ ኾነ ሻጩን መጠየቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በገጠር መንገድ ፕሮግራም ቀበሌዎችን የሚያገናኙ ብዙ አዳዲስ መንገዶች ስለ ወጡ፣ ዐሥር ዓመት ያለፈው ካርታ እነዚህን ላያውቅ ይችላል።

ኹለተኛው የመሣሪያው ዐይነት ነው። በአውቶሞቢል መስተዋት ላይ የሚለጠፈው ሰፊ መልክ አለው፤ ለነጂ ይመቻል፤ ነገር ግን ከአውቶሞቢሉ ርቆ ለመሥራት ብርታት የለውም። በእጅ የሚያዘው መልኩ ትንሽ ቢኾንም ውሃና አቧራ ይችላል፤ በድንጋይ ባትሪ የሚሠራውም ከትንሽ ሱቅ በሚገኝ ባትሪ ይቀጥላል፤ ሐኪሙ ወይም የእርሻው ሠራተኛ ከመኪና ወርዶ በእግሩ ሲሄድ ይዞት ይሄዳል። የእጅ ስልክ ከኹሉ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል፤ ነገር ግን በፀሐይ ላይ ከመስተዋት ሥር ሲውል ይግላል፤ ሲግልም ይጠፋል። አንድ አውቶሞቢል ብቻ ያለው ወረዳ በእጅ የሚያዘውንና ካርታ የተጫነበትን ስልክ በአንድነት ቢይዝ፣ አንዱ ሲጠፋ በሌላው ይመለሳል።

ሦስተኛው ብርታቱ ነው። በሻጩ መጽሐፍ ላይ «አይ.ፒ.ኤክስ. 7» የሚል ምልክት ያለበት መሣሪያ አንድ ሜትር በሚጠልቅ ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቈይ እንዳይበላሽ ኾኖ የተሠራ ነው። መልኩም በቀትር ፀሐይ ይነበብ እንደ ኾነ በሱቅ ጥላ ሳይኾን በደጅ ወጥቶ መመልከት ያሻል።

አራተኛው የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። ትንንሾቹ አውቶሞቢሎች ባለ 12 ቮልት ሲኾኑ ከጭነት መኪናዎች ብዙዎቹ ባለ 24 ቮልት ናቸው። ለ12 ብቻ የተሠራ ገመድ በ24 ላይ ቢሰካ መሣሪያው ይቃጠላል። ስለዚህ ለኹለቱም የሚኾን ገመድ፣ ከዚያም ላይ አንድ ትርፍ ገመድ ዐብሮ ይገዛ።

አምስተኛው ዕድሜው ነው። ጂ.ፒ.ኤስ. ሳምንቶችን እስከ 1,024 ከቈጠረ በዃላ እንደ ገና ከባዶ ይዠምራል፤ ይህም በ1999 ዓ.ም.፣ ኹለተኛም በ2019 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር መግቢያ ኾኗል። ከዚያ በፊት ከተሠሩት ያልታደሱ አንዳንዶቹ ቀኑን አሳስተው ይናገራሉ። ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚያሳየውን ቀንና ዓመት ይመልከት። ከሳተላይት ጋራ ምልክት የሚላላክ መሣሪያ ሲኾንም የአገሩ ሕግ ፈቃድ ይጠይቅ እንደ ኾነ ከግዥው በፊት መርምሮ ማወቅ ይገባል።

መልካም መሣሪያ ከተገዛ በዃላም ቢኾን የስም ነገር ያሳስታል። በካርታው ላይ አንዳንድ ከተማ በድሮ ስሙ፣ አንዳንዱም በአዲሱ ተጽፎ ይገኛል፤ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ፣ ናዝሬትና አዳማ፣ ዝዋይና ባቱ እያንዳንዱ አንድ ከተማ ነው። በገበያ ቀን የተሰየሙ ስፍራዎችም በየአውራጃው ይደጋገማሉ፤ ቅዳሜ ገበያ ወይም ሐሙሲት ብሎ የሚፈልግ ነጂ የሌላ አገር ገበያ ሊወጣለት ይችላል። ደግሞ የአማርኛው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በብዙ ዐይነት ይጻፋል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ስም ብቻ ሳይኾን የስፍራውን ቍጥር፣ ይኸውም የሰሜን ዲግሪውንና የምሥራቅ ዲግሪውን ይያዝ።

ቍጥሩም በጥንቃቄ ይጻፍ። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ 9 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ማለት 9.5 ዲግሪ ነው። ይህን ሳያውቅ 9.30 ብሎ የጻፈ ነጂ ከስፍራው ወደ ደቡብ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይወጣል። በአንድ መሥሪያ ቤት ኹሉም በአንድ ዐይነት አጻጻፍ እንዲጽፉ ማዘዝ ለዚህ መድኃኒት ነው። በድሮው የወረቀት ካርታ የሚጠቀሙም ያስተውሉ፤ እነዚያ ካርታዎች አዲንዳን በተባለው የልክ መሠረት የተሠሩ ሲኾኑ መሣሪያው ደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 በተባለው ይሠራል። ኹለቱ ከመቶ ሜትር በላይ ይለያያሉ፤ ለጕዞ ብዙ ባይጐዳም ለድንበር ክርክርና ለጕድጓድ ቍፋሮ ይጐዳል። የሰዓቱም ነገር አይረሳ። መሣሪያው በፈረንጅ ሰዓት ተስተካክሎ «በ8 ትደርሳለህ» ቢል በእኛ ሰዓት አቈጣጠር ከጧቱ በ2 ማለት ነው፤ ሰው የሚሰበሰበውም በዚያ ልክ እንዲታዘዝ ያሻል።

መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት ይፈተን። አንድ ነጂ ጠንቅቆ በሚያውቀው የገጠር መንገድ ላይ ይዞት ሄዶ ይመለስ። መሣሪያው የሌለ መንገድ ቢያሳይ፣ ያለውንም ቢሰውር፣ የወንዙን መሻገሪያ ቢስት፣ ይህ ኹሉ በወረቀት ይጻፍ። ለረዥም ጊዜ ተዘግቶ የቈየ መሣሪያ የሳተላይቶቹን ማውጫ አሟልቶ ለመቀበል 12 ደቂቃ ተኩል ያህል ሊፈጅበት ስለሚችል፣ ወዲያው አልሠራም ተብሎ አይጣል፤ በገላጣ ስፍራ ቆሞ ይጠበቅ።

ከዚህ ኹሉ በላይ ማናቸውም መሣሪያ ክረምትንና በጋን አይለይም። በካርታው ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ኾኖ የሚታየው መንገድ በጥር ወር ደረቅ ኾኖ ያሳልፋል፤ በሐምሌ ግን ጥቍሩ መረሬ አፈር መኪናውን እስከ ሆዱ ይውጠዋል፤ በጥር በእግር የተሻገሩት ወንዝም ይሞላል። ይህን የሚያውቀው በዚያ የሚኖረው ሰው ነው። ስለዚህ ነጂው ከዋናው መንገድ ከመውጣቱ በፊት የአገሩን ሽማግሌ ወይም ከገበያ የሚመለሰውን መንገደኛ ይጠይቅ። መሣሪያውና ሽማግሌው ቢለያዩ በስፍራው ነገር መሣሪያው፣ በመንገዱ ነገር ሽማግሌው ይታመን።

የወረዳውም ሹም ይህን ዕውቀት በከንቱ እንዳይጠፋ ሊያደርግ ይችላል። መሣሪያው የሄደበትን መንገድ ስለሚመዘግብ፣ ነጂው በዓመት ኹለት ጊዜ፣ አንዱን በበጋ አንዱን በክረምት፣ ያለፈባቸውን መንገዶች መዝግቦ ለመሥሪያ ቤቱ ያስረክብ። ድልድዩ፣ መሻገሪያው፣ የክትባቱ መሰብሰቢያ፣ የማዳበሪያው ጐተራ፣ የውሃው ጕድጓድ ኹሉ ሕዝቡ በሚጠራበት ስም ይጻፍ፤ ግልባጩም በመዝገብ ቤት ይቀመጥ። ይህ ሲኾን ነጂው ቢዛወር መንገዱ ዐብሮት አይዛወርም። የአንበጣ መንጋ በ2019 እና በ2020 ዓ.ም. በአገራችን ላይ በወረደ ጊዜ እንደ ታየው፣ «ከወንዙ ማዶ» የሚል ወሬ ከመላክ ይልቅ የስፍራውን ቍጥር መላክ ረዳቱን ፈጥኖ ያደርሳል።

እንግዲህ ርካሹን ብቻ የሚመርጥ ገንዘብ ያተረፈ ይመስለዋል፤ ውዱን ብቻ የሚመርጥም ከስሕተት የዳነ ይመስለዋል። አስተዋይ ሹም ግን ካርታውን መርምሮ፣ መሣሪያውን ፈትኖ፣ ነጂውን አስተምሮ፣ የአገሩንም ሰው ጠይቆ ይሠራል። ይህን ያደረገ ወረዳ በረዶው ሳይቀልጥ መድኃኒቱን ከመንጋው፣ ዝናሙም ሳይቀድመው ዘሩን ከማሳው ያደርሳል።