የእሳተ ገሞራ ትቢያ በላይኛው ሰማይ
(ከራዲዮ ንግግር የተወሰደ)

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ምድር የሚገኘው የኃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ፥ አመዱ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን ላይ አለፈ፤ ከዚያም እስከ ሰሜን ሕንድ ደረሰ። በዚህም ምክንያት በሕንድ አገር አንዳንድ የአውሮፕላን በረራዎች ተሰረዙ። አንባቢ ሆይ፥ ከአፋር በረሃ የተነሣ ትቢያ በየት በኩል እንደሚያልፍ፥ አውሮፕላኑ ሳይደርስበት አስቀድሞ በምን ይታወቃል?

ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነው። የእሳተ ገሞራ አመድ እንደ ምድጃ አመድ የለሰለሰ አይደለም፤ የደቀቀ ድንጋይና መስተዋት ነው። በሞተር ውስጥ ሲገባ ቀልጦ ይለጠፍና አየሩን ያፍነዋል። በ1974 ዓ.ም. ሰኔ ወር በኢንዶኔዢያ በጃቫ ደሴት አጠገብ በሌሊት ይበር የነበረ አንድ ትልቅ አውሮፕላን ከጋሉንጉንግ ተራራ አመድ ውስጥ ስለ ገባ፥ አራቱም ሞተሮቹ ቆሙበት። ከአመዱ ዝቅ ብሎ ከወጣ በኋላ ሞተሮቹ እንደገና ተነሥተውለት በደኅና አረፈ።

ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወይም ሳተላይት የሚባለው መሣሪያ ይህን ደመና ከላይ ሆኖ ይመለከታል። ከተራራው የሚወጣው የዲን ጋዝ፥ ማለት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፥ ለዓይን ከማይታየው ከፀሐይ ጨረር ከፊሉን ውጦ ያስቀራል፤ ሳተላይቱም የጎደለውን ለክቶ የጋዙን ብዛት ያስታውቃል። ነገር ግን ከላይ የሚመለከት ሁሉ የደመናውን ስፋት እንጂ ከፍታውን በቀላሉ አያውቅም።

ሌዘር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሌዘር ሳይበተን የሚጓዝ ቀጭን ብርሃን ነው። ከምድር ወደ ሰማይ ብልጭ ሲያደርጉት ትቢያውን ነክቶ ጥቂቱ ይመለሳል። ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ በ30 ኪሎ ሜትር ከፍታ ካለ ትቢያ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ የሴኮንድ 5,000ኛ ክፍል ነው። ይህን ጊዜ በመቁጠር ከፍታው ይታወቃል። ከዚህም ሌላ፥ ክብ የሆነ የፈሳሽ ጠብታ የብርሃኑን የመወዛወዝ አቅጣጫ ሳይለውጥ ሲመልሰው፥ ሸካራው አመድ ግን ያዛባዋል። ስለዚህ ሊቃውንቱ የትኛው አመድ፥ የትኛው ጠብታ እንደ ሆነ ይለያሉ።

ይህን መለየት የሚያስፈልገው የሁለቱ ዕድሜ የተለያየ ስለ ሆነ ነው። አመዱ አብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወርዳል። ስትራቶስፌር ወደሚባለው የከባቢ አየር ክፍል የደረሰው የዲን ጋዝ ግን ወደ ደቃቃ የአሲድ ጠብታ ይለወጣል፤ በዚያ ከፍታ የሚያጥበው ዝናብ ስለሌለ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። በፊሊፒን አገር የፒናቱቦ ተራራ ሰኔ 8 ቀን 1983 ዓ.ም. በፈነዳ ጊዜ ከ15 ሚሊዮን ቶን ያላነሰ የዲን ጋዝ ወጣ፤ ደመናው በሦስት ሳምንት ገደማ ምድርን ዞረ። ጠብታዎቹ የፀሐይን ብርሃን ወደ ላይ ስለ መለሱት፥ በተከታዩ ዓመት የዓለም አማካይ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ቀነሰ። የምድርን መሞቅ የሚመረምሩ ሊቃውንት ይህን ካላሰቡ ሒሳባቸው አይሰምርም።

ካሊፕሶ የተባለው ሳተላይት ከ1998 እስከ 2015 ዓ.ም. በሌዘር ከላይ ወደ ታች ሲመረምር ኖሯል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኧርዝኬር የተባለው ሌዘር የያዘ ሳተላይት ወደ ሰማይ ወጥቷል። ተራራው እንዳይፈነዳ መከልከል የሰው ሥልጣን አይደለም፤ የትቢያውን መንገድ አውቆ መንገደኛውን ማስጠንቀቅ ግን ይቻላል።