እግሩን መለወጥ ብቻ አይበቃም

የኮረንቲ መሰኪያ በየአገሩ ይለያያል። በአገራችን የተለመደው ሁለት ድቡልቡል እግር አለው። የአሜሪካው እግር ጠፍጣፋ ነው። የእንግሊዝ አገሩ ባለ ሦስት እግር ነው፤ ሦስተኛው እግር ኮረንቲ ወደ ዕቃው ብረት ቢያመልጥ ሰው እንዳይመታ ወደ መሬት ይወስደዋል።

የኮረንቲውም ጉልበት እኩል አይደለም። በአገራችን 220 ቮልት ሲሆን በአሜሪካ 120 ነው። እንግዲህ ዘመድ ከአሜሪካ ካውያ ቢልክልን፣ መሰኪያውን ብንለውጥለትም የሚገባበት ጉልበት ከአቅሙ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ይሆናል። ካውያው ይቃጠላል፤ ቤትም ሊያቃጥል ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከመሰካታችን በፊት በዕቃው ላይ የተጻፈውን ቁጥር እናንብብ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ አንሰካው። 100-240 ቮልት የሚል ከሆነ ለሁለቱም አገር ይሆናል። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው።